«ወፈርክልኝ!» ምርቃት የሆነበት ምክንያት

ለቡ አክስቴ ቤት በር ላይ ስደርስ የሚቀበለኝ ሰላምታ ሁሌም አንድ ነው። «እሰይ ልጄ፣ ወፈርክልኝ! ተመችቶሃል!» እኔም ቦርጬን ወደ ውስጥ ስቤ እስቃለሁ። ወዳጆቼ፣ እናንተስ ይህን ሰላምታ አታውቁትም?

በቀደም ግን ነገሩን ሳስበው መሳቅ አቃተኝ። አክስቴ የወሎ ልጅ ናት። የ1966ቱን ረሃብ በልጅነቷ፣ የ1977ቱን ደግሞ ልጅ ታቅፋ አይታለች። ያንን ላየ ሰው መክሳት የሞት ዋዜማ ነው። «ወፈርክ» ማለት «ተርፈሃል» ማለት ነው! ከዚያ በፊትም ቢሆን ጮማ የሚቆርጠውና በበቅሎ የሚሄደው ጌታው ነበር፤ ገበሬው በእግሩ ተጉዞ በሽሮ ያድራል። ደንደን ማለት የጌትነት ምልክት ሆኖ የቆየው በዚህ ነው።

ዘመኑ ግን ተገላበጠ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1992 ዓ.ም 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም 8 በመቶ ደረሱ። በዚሁ ጊዜ ከልክ በላይ የከሱት ከ30 ወደ 22 በመቶ ወረዱ። ልብ በሉ፣ የከሳው ገና ከወፈረው ይበልጣል! ውፍረቱ በብዛት የሚታየው ደግሞ እኛ ከተሜዎች ዘንድ ነው።

ታዲያ ሆዳሞች ስለሆንን ነው? አይመስለኝም። ትናንት የከተማዋ ዳርቻ የነበረው ለቡ ዛሬ በሕንጻ ተሞልቷል። ነዋሪው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀን ቢሮ ይቀመጣል፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። እንግዳ ከመጣ ለስላሳ ይከፈታል፤ «በሞቴ» ከተባለ ደግሞ ጉርሻውን እምቢ ማለት ነውር ነው። ዘይቱና ስኳሩ ሱቅ በደጅ ነው፤ በሰላም የሚሄዱበት የእግረኛ መንገድ ግን በየሰፈሩ አይገኝም። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለእግረኛ የለቀቀው ለጥቂት ሰዓታት ነበር።

አምና አክስቴን ሐኪም «ስኳር አለብሽ» አላት። «በረሃብ ያልሞትኩ በጥጋብ ልሙት?» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይዣት በእግር እንወጣለን። መንገድ ላይ የምታውቃቸው ሰዎች «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ይሏታል።

ከስኳሩ ይልቅ የከበዳት ይህንን መመለስ ነው።