የልጅ ልጆች ሲያድሩ፦ በጠባብ ቤት በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጁ መኝታዎች

እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እስራኤል የገቡ ወላጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ልጆቻቸው አግብተው በየከተማው ተበትነዋል፤ ብዙ አያቶች ግን ዛሬም የሚኖሩት በአሮጌ ሕንፃ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ በሰንበት መኪና ስለማይነዳ፣ ዓርብ ከሰዓት የመጣ የልጅ ልጅ ሰንበት እስኪወጣ ድረስ እዚያው ያድራል። ስለዚህ መኝታ ከሌለ የሰንበት ጉብኝትም የለም ማለት ነው።

በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሥራዬ በምገባባቸው ቤቶች “በሚቀጥለው ሰንበት ይመጣሉ” የሚለውን ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ። አያቶች “አልጋ የለንም” ብለው ለልጆቻቸው መናገር ያፍራሉ። ሌሎች ደግሞ አልጋቸውን ለልጆቹ ለቀው ራሳቸው መሬት ላይ ይተኛሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ግን ሌሊት በጨለማ ከመሬት ሲነሣ ሊወድቅና ሊሰበር ይችላል። በሌላ በኩል ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገር ልጅና አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ አያት በስልክ ብዙም አይግባቡም፤ የሚቀራረቡት አብረው ሲበሉና አብረው ሲያድሩ ነው። በአገር ቤት መደብ ላይ ጀንዲ ተነጥፎ ልጆች ሁሉ በአንድ ጋቢ ሥር ያድሩ ነበር። እዚህ ደግሞ ለጠባብ ቤት የሚስማማውን መምረጥ ያስፈልጋል። አማራጮቹን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ከመግዛትዎ በፊት

የአንድ ሰው ፍራሽ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 80 ወይም 90፣ ርዝመቱ 190 ወይም 200 ሴንቲሜትር ነው። አልጋው የሚዘረጋበትን ቦታ ጋዜጣ አንጥፈው ይለኩት፤ በአጠገቡ ለመተላለፊያ ወደ 60 ሴንቲሜትር ይተዉ። በሩ በደንብ መከፈቱንም ይዩ። ከዚያ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ አልጋው በሳምንቱ ቀናት የት ይቀመጣል? የሚከፍተውና የሚያጥፈው ማን ነው? ወገባቸውን የሚያማቸው አያት ብቻቸውን ሊከፍቱት የማይችሉት አልጋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተዘግቶ ይቀራል።

የመኝታ ዓይነቶች

1. በሦስት የሚታጠፍ ስፖንጅ ፍራሽ፦ ከሁሉም ርካሽና ቀላል ከሆኑት አንዱ ነው። ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ለልጅ ይበቃል። ታጥፎ ቁም ሣጥን ላይ ወይም ቦይደም ውስጥ ይቀመጣል። በክረምት ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ከሥሩ ምንጣፍ ያንጥፉ። ጠዋት ወዲያው ከማጠፍ ይልቅ ለጥቂት ሰዓት አቁመው ያናፍሱት፤ አለዚያ ከሥሩ ሻጋታ ይይዛል።

2. በአየር የሚነፋ ፍራሽ፦ ሲተነፍስ በአንድ ፌስታል ይገባል፤ ነገር ግን ቶሎ ይቀደዳል። ለታዳጊ ልጅ አልፎ አልፎ ያገለግላል። ለሕፃን ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ፊቱ ለስላሳው ፍራሽ ውስጥ ተቀብሮ ሊታፈን ይችላል።

3. ተጣጣፊ አልጋ (ሚታ ሚትካፔሌት)፦ ባለ ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ጎማ ሲሆን ታጥፎ በር ኋላ ይቆማል። ከመሬት ከፍ ስለሚል ለአያቶችም ይመቻል። ማጠፊያው ጣት ስለሚቆነጥጥ ልጆች እንዲከፍቱት አይፍቀዱ። ሲገዙ ተኝተው ይሞክሩት፤ መሐሉ የሚሰረጉድ ከሆነ ይተዉት።

4. ከአልጋ ሥር የሚሳብ አልጋ (ሚታ ኒግሬሬት ወይም ሃይ ራይዘር)፦ ልጆቹ በየሳምንቱ የሚመጡ ከሆነ የሚመረጠው ይህ ነው። ቀን ቀን የአንድ አልጋ ቦታ ብቻ ይይዛል። ሲከፈት ግን ሁለቱ አልጋዎች በጠቅላላው 160 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወርድ ስለሚፈልጉ አስቀድመው ይለኩ።

5. የሚከፈት ሶፋ (ሳፓ ኒፍታሃት)፦ ሳሎን ውስጥ ሁለት ልጆችን ያስተኛል። ችግሩ አንዳንዱ ለመክፈት ከባድ መሆኑ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ራስዎ ከፍተው ዘግተው ይዩት።

6. ተደራራቢ አልጋ (ሚታት ኮማታይም)፦ ለቦታ ቁጠባ ጥሩ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከላይ አይተኛም። የላይኛው አልጋ በአራቱም በኩል መከላከያ ሊኖረው፣ መከላከያውም ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 16 ሴንቲሜትር ሊወጣ ይገባል። ወፍራም ፍራሽ ከተደረገ መከላከያው ጥቅም ያጣል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ካለ ተደራራቢ አልጋ ከሥሩ ወይም በአጠገቡ አያቁሙ።

ለሕፃናት

ሕፃን ከትልቅ ሰው ጋር ሶፋ ላይ ማስተኛት አደገኛ ነው። ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ (ሉል) ቢበደር ይሻላል። እስከ 1 ዓመቱ ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይተኛል። “ይመቸው” ተብሎ ሁለተኛ ፍራሽ አይጨመርም፤ ሕፃኑ በሁለቱ ፍራሾችና በግድግዳው መካከል ሊሰምጥ ይችላል። የእንጨት አልጋ ከሆነ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከልም ሁለት ጣት የማያስገባ ይሁን።

የት ይዘርጋ?

ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ማማድ እንዲኖር ሕግ ያዝዛል። በኦክቶበር 2023 በጀመረው ጦርነትና በጁን 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ወቅት ብዙ ቤተሰቦች እዚያው አድረዋል። ማማድ ካለዎት የልጆቹን መኝታ እዚያ ቢያደርጉት ሌሊት ሲረን ቢነፋ ማንንም ተሸክሞ መሮጥ አያስፈልግም። አልጋው የብረት በሩንና መስኮቱን ከመዝጋት የሚከለክል እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ። ማማድ በሌለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ወደ መጠለያው ወይም ወደ ደረጃው የሚወስደውን መተላለፊያ በፍራሽ አይዝጉ።

በማንኛውም ክፍል አልጋ ሶራጊም ከሌለው መስኮት ሥር፣ ከመጋረጃ ገመድ አጠገብ ወይም ከማሞቂያ አጠገብ አይደረግም። ስፖንጅ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ያገለገለ አልጋ

“ያድ ሽኒያ” በርካሽ፣ “ለመሲራ” ተብሎ የሚወጣው ደግሞ በነፃ ይገኛል። የአልጋውን አካል ያገለገለ፣ ፍራሹን አዲስ ማድረግ ይሻላል። ያገለገለ ፍራሽ ከወሰዱ የስፌቱን ጠርዝና የአልጋውን መጋጠሚያ በባትሪ መብራት ይመርምሩ፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ወይም የደም ምልክት ካለ ትኋን ሊሆን ስለሚችል ወደ ቤት አያስገቡት። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። የተገኘ አንሶላ ሁሉ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ተደራራቢ አልጋ ወይም የሕፃን አልጋ ሲሆን ብሎኖቹ ሁሉ መኖራቸውንና የታቭ ተከን ምልክት መኖሩን ይዩ።

ለሰንበት ዝግጅት

በኤሌክትሪክ የሚነፋ ፍራሽ ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት ተነፍቶ፣ በብሎን የሚገጠም አልጋም ተገጥሞ ይለቅ። ተገጥሞ ያለቀ ተጣጣፊ አልጋ በሰንበት መዘርጋት የተፈቀደ ነው፤ ጥያቄ ካለዎት ቄስዎን ወይም ራብዎን ይጠይቁ። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይም አንድ መብራት በርቶ ይደር።

በመጨረሻም ለልጆች አንድ ምክር አለን። እናታችሁን “አልጋ አለሽ ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሷ “አለ” ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ቦታውን ራሳችሁ ለኩ፤ ለበዓል ከምታመጡት ስጦታ አንዱም ሁለት ተጣጣፊ ፍራሽ ይሁን። ሰላም ሰንበት።