ከሂርማታ ገበያ እስከ ቡናው ደን፤ ጅማና እንግዶቿ



ከተማ ከምን ይበቅላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ ከመሬቱ ልምላሜ፣ ሁለተኛው ከገዢው ብርታት፣ ሦስተኛው ከመንገዱ መመቸት ነው ብሎ ይመልሳል። ሦስቱም እውነት አላቸው። የጅማ ታሪክ ግን አራተኛ ምክንያት ይጨምርልናል፤ ይኸውም እንግዳን ተቀብሎ በሰላም ማሳደር ነው። ስለ አገር ጎብኚዎችና ስለ ሥራ ፈጣሪዎች ብዙ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ስለ ጅማና በዙሪያዋ ስላሉት የቡና ከተሞች ስንነጋገር፣ ይህ ጥበብ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑን፣ ደግሞም መቼ እንደ ለማና መቼ እንደ ጠፋ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» የሚል ካልታከለባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጥንቱን የጅማ አገር በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው፣ በደረቅ ምድር መካከል የቆመ ደሴት ይመስለዋል። በምሥራቅ በኩል ጊቤ፣ በደቡብ በኩል ጎጀብ ይከብቡታል፤ ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉም መሻገሪያው ይጨንቃል። ደሴት የሚኖር ሕዝብ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በሩን ዘግቶ በራሱ ምርት ይኖራል፣ ወይ ለመርከበኛው ሁሉ ወደብ ይሆናል። ጅማ ሁለተኛውን መረጠች። በ19ኛው መቶ ዓመት በጊቤ ምድር ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ፣ በኋላ ስሟ ከሁሉ ገንኖ የቀረው ጅማ ናት፤ ያስገነናትም ጦር ብቻ ሳይሆን ሂርማታ የተባለው ገበያዋ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣትነታቸው ነገሡ። ገና በዘመናቸው መጀመሪያ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም.፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲስፋፋ ባዩ ጊዜ፣ ጦር ከመግጠም ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ። ይህን ምክር የሰጡዋቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደ ሆኑ ይነገራል። በዚህ አኳኋን ብዙ ጎረቤት አገሮች በጦርነት ሲታመሱ፣ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ለ50 ዓመት ያህል ቆየች። የሰላሙም ፍሬ በገበያው ላይ ታየ።

በሂርማታ በየሐሙሱ በሚቆመው ገበያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር፣ ቆዳና እህል ይሸጥ ነበር። ከጎጃምና ከጎንደር ጀበርቲዎች፣ ከኦሮሞ አገር አፍቃላ የሚባሉት ነጋዴዎች፣ ኋላም ከሸዋና ከየመን የመጡ ሰዎች ይገናኙበት ነበር። ከዚያ የተነሣ ሲራራ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ፣ ቀጥሎም በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ንጉሡ መንገዱን በኬላ ያስጠብቁ፣ ነጋዴው ንብረቱ እንዳይዘረፍ ይከላከሉ፣ ከሩቅ የመጣውንም በአገሩ እንዲሰፍር ይፈቅዱ ነበር። በጅማ ሃይማኖትና ትምህርት እንዲስፋፋ ረድተዋል፤ ለሐጅ የሚሄዱ የጅማ ሰዎች የሚያርፉበትንም ቤት በመካ አስገዝተዋል። እንግዳን በአገሩ የሚያሳርፍ ንጉሥ፣ የራሱም ሕዝብ በሰው አገር ማረፊያ እንዳያጣ ማሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ከገበያው በላይ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት የእንጨት ቤተ መንግሥትም እስከ ዛሬ ቁልቁል ወደ ከተማይቱ ይመለከታል።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ታሪክን የምናነበው ለመኩራራት ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በዚያው በሂርማታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከየአቅጣጫው ተማርከው የሚመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በቡናና በጨው መካከል ለዋጋ ይቀርቡ ነበር። የገበያው ሀብት አንዱ ምንጭ ይህ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። ባርነት በመላው ኢትዮጵያ በማያሻማ ሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ ገበያ ሞቀ፣ ገንዘብ ተገኘ ሲባል፣ «ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ?» ብሎ መጠየቅ ከጅማ ታሪክ የምንወርሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የጅማ ቡና ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ መለሰ። አባ ጅፋር ባረፉበት እ.ኤ.አ. በ1932 የጅማ ራስን የማስተዳደር መብት አብቅቶ አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው የኢጣሊያ ወራሪ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ በአዌቱ ወንዝ አጠገብም የሕንፃ ሥራ ተጀመረ። ወራሪው ይህን ያደረገው ለራሱ ሰፋሪዎች እንጂ ለአገሬው ሰው አስቦ አልነበረም። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከከተማይቱ ሲባረር ግን መንገዱና ቤቱ ለባለ አገሩ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የቡና ከተሞች ዘመን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ የአገር ውስጥ በረራውን አስፋፋ፤ በዚያ ዘመን በነበሩት አውሮፕላኖች መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዕቃው በመካከል ይጫን ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር በጦርነቱ የተጎዱት መንገዶች ይጠገኑ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የቡና ቦርድ ተቋቋመ። መንገዱ ሲከፈት የሕዝቡ ሥራ ተከተለው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በቦንጋ ቡና ሰብሳቢው፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ ባለ መፈልፈያው፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ባለ ሆቴሉ፣ ልብስ ሰፊውና አናጢው ኑሮውን መሠረተ። አብዛኛው በትንሽ ገንዘብ የጀመረ ሰው ነበር። ለለቀማ ከሩቅ የሚመጣው ሠራተኛም ምግብና ማደሪያ ይሻልና፣ እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረች እናት በእነዚህ ከተሞች ጥቂት አይደለችም።

የዚህ ሀብት ደካማ ጎኑ ግን ያን ጊዜም ይታይ ነበር። በቡና ከተማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገንዘብ ይዘንባል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ሱቁ ይቀዘቅዛል፣ ገበሬውም ያልደረሰ ቡናውን አስይዞ ይበደራል። የጀንፈሉ ዋጋ የሚቆረጠው በአጋሮ ሳይሆን በኒው ዮርክና በለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለእያንዳንዱ አገር ድርሻ እየመደበ ዋጋውን ለመደገፍ ሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ድርሻው ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በሙሉ በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ትላልቆቹ እርሻዎችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ።

በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠል የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከአፍሪካ በስተ ምሥራቅ በህንድ ውቅያኖስ የምትገኘውን የሞሪሺየስን ደሴት እንመልከት። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ ከውጭ ንግዷ የሚበዛው ስኳር ብቻ ነበር። ቀደም ብሎ የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ሊቅ ጀምስ ሚድ ሁኔታዋን አጥንቶ ተስፋዋ የመነመነ መሆኑን ጽፎ ነበር። ደሴቲቱ ግን ስኳሯን ሳትጥል የልብስ ፋብሪካን፣ ቀጥሎም እንግዳ መቀበልን ጨመረችበትና፣ ዛሬ በአፍሪካ የተሻለ ገቢ ካላቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ምሰሶ ያለው ቤት ሌላ ምሰሶ ይፈልጋል።

ለጅማ ሁለተኛው ምሰሶ ቀድሞም አልጠፋም ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 የቱሪዝም ድርጅትን ሲያቋቁምና አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር የኢትዮጵያን ስም በዓለም ሲያስጠሩ፣ ጎብኚው የሚመራው ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና ነበር። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ቅርሶቹ ይገባቸዋል። ነገር ግን ቡናን በየማለዳው የሚጠጣው የዓለም ሕዝብ፣ ቡናው ከየት እንደ መጣ ለማየት ቢመጣ የሚመራው ሰው አልነበረም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

የወርቁ ክብደትስ ምን ያህል ነው? በደቡብ ምዕራቡ ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የፍሬው በሽታ በገባ ጊዜ በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ወደዚህ ደን ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡትም መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ዛሬ በዓለም የቡና ቀማሾች ዘንድ በቁጥራቸው የሚታወቁ ሆነዋል። ስለዚህ ደኑ ለዓለም ሁሉ ቡና የዘር ጎተራ ነው። የከፋና የያዩ ደኖችም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መካነ ሕይወት ተብለው ተመዝግበዋል። በጎማ የጮጬ ሰዎች ቡና የተገኘው በኛ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎችም የለም፣ በኛ በማንኪራ ነው ይላሉ። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲፈነጥዙ ያየውን የእረኛ ተረት ያሳተመው ግን እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም የነበረ የማሮናውያን ሊቅ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በተረት አይፈታም። ከጅማ ተነሥቶ በአንድ በኩል አጋሮን፣ በሌላ በኩል ቦንጋን የሚያይ እንግዳ ሁለቱንም ቢጎበኝ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ እንጂ አንዱ አይጎዳም።

በቅርብ ዘመን የታየ አንድ መልካም ምሳሌ አለ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት ሚዛንና ክፍያ ተስተካክሏል፤ ይሁን እንጂ ቡናው በየደረጃው ስለሚቀላቀል የየቀበሌው ስም ይጠፋ ነበር። ይህም ኋላ በሕግ ማሻሻያ ቀለል ብሏል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በቀጥታ የመሸጥ ፈቃድ ስለነበራቸው ስማቸውን ማስጠበቅ ቻሉ። በአጋሮ አካባቢ ከመቶ በሚበልጡ ገበሬዎች የተመሠረተው የዱሮሚና ማኅበር እሸቱን እየለቀመ፣ እያጠበ ማዘጋጀት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገ የአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድርም አንደኛ ወጣ። የቀድሞው ገዢ ዝቅ አድርጎ ይገምተው የነበረው የዚያ አካባቢ ቡና ነው። «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በዚህ ተፈጸመ። መሬቱም ዛፉም ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

እንግዲህ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው እንግዳው እንዲያድር ማድረግ ነው። ጎብኚ በአውሮፕላን መጥቶ ቤተ መንግሥቱን አይቶ በዚያው ቀን ቢመለስ ለከተማው የሚተርፈው አቧራ ነው። ሁለት ሌሊት ካደረ ግን ባለ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚፈለፍለው አናጢ፣ ቡናዋን ቆልታ በጀበና የምታቀርበው እመቤት፣ በቦዬ ረግረግ ጉማሬ የሚያሳየው ወጣት ሁሉ ድርሻቸውን ያገኛሉ። በሱቅና በሜዳ የሚገኘው ይህ ገንዘብ የቡናውን ዋጋ መውደቅ ለመቻል ይረዳል። ደኑም ቢሆን ቆሞ ከተቆረጠው ይልቅ የሚያስገኝ መሆኑን ገበሬው በኪሱ ካላየ፣ በስብከት ብቻ አይጠበቅም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ሰላም ከንቱ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በደረሰው ጦርነት የኢትዮጵያ ጎብኚ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ሁላችንም አይተናል። እንግዳ የማያድርበት መንገድ ለባለ አገሩም አያስተማምን።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ከዚህ ምን እንማራለን? ሂርማታን ያለማው የቤተ መንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ ነጋዴው ነው። መንግሥት ያደረገው መንገዱን መጠበቅ፣ ሚዛኑን ማስተካከልና እንግዳውን አለማጉላላት ነበር። ዛሬም አንዲት ባለ ትንሽ ማደሪያ ቤት ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቀን እንደምትመላለስ፣ የጅሬን ቤተ መንግሥት ጣሪያ ሲያፈስ ማን ፈጥኖ እንደሚደርስለት፣ ደን ሲጨፈጨፍ የተጻፈው ማመልከቻ በየትኛው መዝገብ እንደሚተኛ እያንዳንዳችን የምናውቀው ነው። የአገር ዕድገት በትልቅ ንግግር ቢታወጅም የሚፈጸመው በእንዲህ ያለው ትንሽ ጉዳይ ነው።

አባ ጅፋር ገበያቸውን ለእንግዳ ከፍተው ከተማ አወረሱን፤ በዚያ ገበያ የተሸጡት ሰዎች ደግሞ ያለ ፍትሕ የተገኘ ሀብት ዕዳ መሆኑን አወረሱን። ሁለቱንም ውርስ አስታውሰን ከሠራን፣ የቡና ምድር በዓለም ሁሉ ሲኒ ውስጥ ያለ ስሟን በደጇ ላይ ደግሞ የምትጽፍበት ቀን ሩቅ አይሆንም።