መውደቅን መማር

ከቁስቋም ቁልቁል ወርዶ ሽሮ ሜዳን ያለፈ መንገደኛ ስድስት ኪሎ ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ትዝታው ግን ይከብዳል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው በቆሙት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢው ውስጥ ተኮሱ። ለእኛ ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዱላና ጥይት ቢሆን ታዲያ ምን ይገርማል?

ግን እኮ ከመካከላችን ነገ ያንኑ የደንብ ልብስ የሚለብሱ አሉ። ኮሌጅ ጨርሶ ሕግ አስከባሪ ልሁን የሚል ጓደኛችን ትግልና ጁዶ ሲማር የሚከብደው ምኑ ነው? የጡንቻ ማነስ ነው እንዳንል የጂጎሮ ካኖ ታሪክ ይከለክለናል።

የጁዶ መሥራች ካኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደ ብዙዎቻችን የመጽሐፍ ሰው ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ደቃቃ። በልጅነቱ ጉልበተኞች አስቸግረውት ስለነበር ጁጂትሱ ልማር አለ። አስተማሪ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ሆነበት። ከ1868 ለውጥ በኋላ ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራብ ስላዞረች የድሮው ጥበብ እንደ ኋላ ቀር ተቆጥሮ ነበር፤ ብዙ መምህራን ወጌሻ ሆነው ያድሩ ነበር። ካኖም ወጌሻ ሲያጠያይቅ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬን አገኘ። አንድ ቀን አጣጣሉን እንዲያስረዳው ቢለምነው፣ ፉኩዳ ማስረዳቱን ትቶ ደጋግሞ ጣለው።

ምክንያቱ ካልተነገረው አልገባኝም የሚል ተማሪ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ያጎነበሰ ጀርባ ቶሎ አይታዘዝም፤ ፈተና በደረሰ ቁጥር ልምምዱ ይቋረጣል። የብሩስ ሊን ፊልም አይቶ የመጣ ደግሞ እርግጫ ሲጠብቅ አወዳደቅ ተማር ይባላል። ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይሄ ነው።

ካኖ በ1882 ኤይሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል ኮዶካንን ከፈተ፤ ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ቆይቶ የቶኪዮ ፖሊስ የኮዶካንን ሰዎች በአስተማሪነት ወሰደ። ፖሊስ ከጁዶ ያገኘው ትልቁ ነገር ግን መጣል ብቻ አይመስለንም። በጁዶ የተያዘው ሰው መሬቱን ወይም ባላጋራውን መታ መታ ካደረገ፣ የያዘው ወዲያው ይለቃል። ይህን ያልጠበቀ አብሮት የሚለማመድ ጓደኛ አያገኝም።

መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ግን ይህ ምልክት የለውም። መቼ እንደሚበቃ የሚያውቀው የያዘው ፖሊስ ብቻ ነው። ትልቁ ፈተና እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ዘመናዊ ፖሊሷን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 አቋቋመች፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ደግሞ የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ሰንዳፋ ላይ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለን። ተቋም አልጠፋም ማለት ነው። ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ መያዝን ብቻ ሳይሆን መልቀቅንም ተምሮ ይውጣ። በስድስት ኪሎ መንገድ ሲያልፍ የተማሪ ልብ እንዳይደነግጥ የሚያደርገው ይሄ ትምህርት ነው።