አሞሌ በምሥራቅ ጎጃም

አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር እየተፈለጠ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ ጎጃም ድረስ ይዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በገንዘብነት ሲያገለግል መዝግቦታል፤ ከማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ነበር። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም እንደ መርጡለ ማርያም ባለ ሩቅ አገር አሞሌ የከበረ ነገር ነበር፦ እንዳይሸረፍ በልጥ የታሰረ፣ ተቆጥሮ የሚሰጥ።

ዛሬ ግን ጨው ርካሽ ስለሆነ ሳይቆጠር ይበላል። ይህ በተለይ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበዛው የዘር በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች ያሳስባል። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ከረጢቶቹ የሚያጨናንቁትን ኩላሊት ግፊቱ ይበልጥ ይጎዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወላጁ በሽታው ያለበት ሰው ግፊቱን ይለካ፤ በሽሮውና በበርበሬው የገባውንም ጨው ይቁጠር።