ወጌሻ እና አንገት

ወጌሻ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው ከኳስ ነው። ተጫዋች ይወድቃል፣ ዳኛው በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው እየሮጠ ይገባል። «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» ይላል ጋዜጠኛው። ሰውዬው በፊዚዮቴራፒ የተመረቀ ቢሆን እንኳ ስሙ ያው ወጌሻ ነው። ለደሴዋ አያቴ ግን ወጌሻ ሌላ ሰው ነው፤ የተሰበረ የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ፣ ወለም ያለውን በቅቤ የሚያሽ የሰፈር ሽማግሌ። አንድ ስም ሁለት ባለሙያ እንዴት ይዞ ቀረ?

ነገሩን መቆፈር የጀመርኩት በራሴ አንገት ምክንያት ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፣ አንገቴም ወደ ግራ አልዞር ካለ ሰነበተ። ደሴ ላይ ደግሞ አንገቴን አመመኝ ስትሉ ሐኪም የማይሆን የለም። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላው ዋግምት፣ ሌላው ቦርከና ፍል ውሃ ውረድ። ፀጉር አስተካካዩማ ሳትጠይቁት ማጅራታችሁን ጨምቆ ይሸኛችኋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው የሚውሉ አሉ። የኮምፒውተር ሰው በሽታ ብቻ አይደለም።

አገራችን ሕክምናን የመጻፍ ልማድ አላት። ደብተራዎች ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ ጸሎቱን ብራና ላይ አስፍረዋል፤ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። የወጌሻ ሙያ ግን በአብዛኛው የተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ጣት ምን ያህል ይጫን፣ የት ላይ ይቁም? በእኛ ቋንቋ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ዶክመንቴሽን ግን የለውም።

እንግሊዞችም ወጌሻ ነበራቸው፣ ሐኪሞቻቸውም ይንቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ግን ጄምስ ፓጄት የተባለ ዝነኛ ቀዶ ሐኪም ለባልደረቦቹ ስለነዚሁ ወጌሻዎች ንግግር አደረገ። እናንተ ያቃታችሁን አንዳንዱን በሽተኛ እነሱ ያድኑታል፤ ጥሩውን ተማሩ፣ መጥፎውን ተዉ ነው ፍሬ ነገሩ። በዚያው ዘመን ከወጌሻ ዘር የተወለደው ሂዩ ኦወን ቶማስ ሕክምና ተምሮ ሊቨርፑል ውስጥ የአባቱን ሙያ ይዞ ገባ። በስሙ የሚጠራው የእግር መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭናቸው የተሰበረ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አትርፏል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዲ. ዲ. ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1895 የአንድ ጽዳት ሠራተኛን አከርካሪ ተጭኜ ደንቆሮነቱን ፈወስኩ ብሎ ካይሮፕራክቲክን መሠረተ። እኔ ስለ ጆሮው አላምነውም፣ ግን ጻፈው፣ አስተማረው፣ ሌሎችም ተከራከሩበት።

እኛ ጋ ክርክሩ አልተካሄደም። በንጉሡ ዘመን የሐኪሞች ምዝገባ ሕግ ሲወጣ የባህል ሕክምና ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ አልተከለከለም። አልተከለከለም፣ ትምህርት ቤትም አልገባም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ሲጀምር ሙያው የመጣው ከውጭ ነው፤ ከአገሩ ቃሉን ብቻ ወሰደ፣ እሱንም በኳስ ሜዳ በኩል። ሐኪሞቹን ለመውቀስ ግን ይከብደኛል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እጅና እግር ደም አጥቶ ሲበሰብስ፣ ቆርጠው የሚጥሉት እኮ እነሱ ናቸው።

አንገት ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ይጠብቃል። አንገት 7 አጥንት አለው፤ ራሳችንን ወደ ጎን ስናዞር ግማሽ ያህሉ ዙር የሚመጣው ከላይኞቹ ሁለቱ መካከል ነው። ወደ አንጎል ከሚወጡት የደም ቧንቧዎች ሁለቱ በአጥንቶቹ የጎን ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋሉ። ድንገት ሲጠመዘዝ ቧንቧው ሊሰነጠቅ፣ ስትሮክ ሊከተል ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን የከፋ ነው። ያ «ቋ» የሚለው ድምፅም አጥንት ቦታው ሲመለስ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር ጉዳይ ነው። ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ደግሞ ጠምዝዞ ማስጮህ በዝግታ ከማንቀሳቀስ ያን ያህል አይበልጥም፤ እጅ የሚሠራው ሥራ ከእንቅስቃሴ ልምምድ ጋር ሲሆን ይሻላል። የአጥንት ቲቢ ባለበት አገር ለወራት የቆየ የአንገት ሕመምን ሳይመረመሩ መጠምዘዝ ቁማር ነው። እጅ ከደነዘዘ፣ እርምጃ ከተወላገደ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ቤት።

እኔን የያዘችኝ ፊዚዮቴራፒስት ምንም አላስጮኸችም። በቀስታ እየተጫነች አላቀቀችኝ፣ ከዚያ ቤት የምሠራው ልምምድ ሰጠችኝ፣ እሱ ነው አሰልቺው። አሁን ወደ ግራ ዞሬ መኪና አይቼ መንገድ እሻገራለሁ።

ደሴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ጋርም ሄጄ ነበር፣ ለመታሸት ሳይሆን ለመጠየቅ። «አባባ፣ አንገት ይነካሉ?» አልኳቸው።

«ማጅራትና ትከሻ አሻለሁ። አንገት አልጠመዝዝም።»

«ለምን?»

«አባቴ አትጠምዝዝ ብሎኛል።»

«ምክንያቱን ነግረዎታል?»

«አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት።»

ኮድ ውስጥ «ይህን መስመር እንዳትነኩ» ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ የጻፈው ሰው ከሄደ ዓመታት ያለፉት። እንደዚያ ነው። ሽማግሌው ሙያውን የሚቀበላቸው ወንድ ልጅ እንደሌለ ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው ኮምቦልቻ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ እሁድ ደሴ ስትወጣ ማጅራቷን የሚያሹላት እሳቸው ናቸው። እሷን አስተምረዋት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ፣ ከዚያ ትንሽ አሰቡ፣ «እጇስ ጥሩ ነው» አሉኝ።