ከቦነያ ሜዳ እስከ ፖሊመር ሞርታር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ አውሮፕላን ስለሚያርፍበት መሬት ነው።

እኛ ወለጋዎች የአውሮፕላን ማረፊያ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ነቀምቴ አቅራቢያ ያለው ቦነያ ነው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚያ አረፉ። ጄኔራል ማልዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ ነበሩበት። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከነሱም መሃል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ በሌሊት ከበው ደመሰሷቸው፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። የተረፈው ቦሬሎ የተባለ ቄስ ብቻ ነው። ያኔ ለማረፍ ለጥ ያለ ሜዳ ይበቃ ነበር።

ጄት ሲመጣ ግን ሜዳ አልበቃም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከልደታ ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሲገባ ልደታ ጠበበና ወደ ቦሌ ተዛወረ። ጄት ከባድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ መንደርደሪያው ረጅምና ጠንካራ መሆን አለበት።

ችግሩ ጠንካራ ነገርም ይሰነጠቃል። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ የፈሰሰ ነዳጅና ጎማ ሲፈራረቁበት ጠርዙ ይረገፋል። ፍርፋሪው ሞተር ውስጥ ከገባ ወይም ጎማ ከቀደደ አደጋ ነው። ሐምሌ 1992 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ኮንኮርድ የወደቀው ሌላ አውሮፕላን ጥሎት የሄደ አንድ ቀጭን ብረት ጎማውን ቀዶት ነው። 113 ሰው አለቀ።

እንግዲያው ስንጥቁን በሲሚንቶና አሸዋ ብንደፍነውስ? ተራ ሲሚንቶ ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካለት በ28 ቀን ነው፤ ማኮብኮቢያ ደግሞ ለሳምንታት አይዘጋም። በዚያ ላይ አዲሱ ከአሮጌው ጋር በደንብ አይያያዝም። ፖሊመር የገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ክሬሰን፣ በ1924 ደግሞ ሌፌቡር የጎማ ዛፍ ወተት ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቅበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። ቆይቶ ኢፖክሲ መጣ፦ ሁለት ፈሳሽ ትቀላቅላለህ፣ አሸዋ ትጨምራለህ፣ በሰዓታት ውስጥ ይጠነክራል፣ አሮጌውን ኮንክሪትም አጥብቆ ይይዛል።

ግን ጠንካራ ማለት የማይሰበር ማለት አይደለም። መስታወት ጠንካራ ነው፣ አንዴ ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ኢፖክሲም እንደዛው ነው። በተጨማሪ በሙቀት ከኮንክሪቱ በብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ ከሥሩ ሊነቀል ይችላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አሸዋውን ማብዛት መለጠጡን ይቀንሳል። በዓይን የማይታዩ የጎማ ቅንጣቶችን መበተን ደግሞ ስንጥቁ ሲደርስባቸው ጉልበቱን ይውጡለታል፤ ይቆማል። ኬሚስቶች እስካሁን የሚደክሙበት ይሄ ነው።

ይሄ ለእኛ ምናችን ነው? ከነቀምቴ አዲስ አበባ በመኪና 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታማሚ ለያዘ ቤተሰብ ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ኑኑ ቁምባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲሚንቶ እኛው እናመርታለን፤ ሬዚኑ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ስለዚህ ማረፊያ መገንባት ብቻውን አይበቃም፤ ጥገናውን የሚያውቅ፣ ግብአቱንም እዚሁ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ያስፈልገናል። ኬሚስትሪና ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካጣችሁ ይቺን አስቡባት።