ምስክር የሌለው መንገድ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ አያት ቤቴ ድረስ መጣ። አሁን የክሬን ሹፌር ነው፤ የተበላሸና የተጋጨ መኪና እየጎተተ ጋራዥ ያደርሳል። ሻዩን ሳይቀምስ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሌሊት ነው፤ ሰሚት አካባቢ፣ ጠባብ የኮንዶሚኒየም መንገድ። የሚጎተተው መኪና ኩርባው ላይ ወጣ ይልና የቆመች ትንሽ መኪና በር ልጦ ያልፋል። በአካባቢው ሰው የለም። እሱም በሰዓቱ አላወቀም፤ ጠዋት የኋላ ካሜራውን ሲያይ ነው የደነገጠው።

«ቲቸር፣ ላጥፋው ወይስ ባለመኪናውን ልፈልግ?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ካሜራውን ለምን እንደገዛ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት በሌሊት ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ነበር። እሱ «መስመሩን ስቶ የገባብኝ ያኛው ነው» ይላል፤ ያኛው ደግሞ «አንተ ነህ» አለ። ያየ ሰው አልተገኘም። ጉዳቱ ለሁለት ተካፈለ፣ የክሬኑ ባለቤትም ድርሻውን ከልጁ ደሞዝ ላይ ቆረጠ። ልጁ እስከ ዛሬ «ሕጉ በደለኝ» ይላል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2084 ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ ባለንብረቶቹንም ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ያሸክማል። አንድ በር ግን ክፍት ትቷል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግምቱ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ያለው «ከተረጋገጠ» የምትለው ቃል ላይ ነው። በሌሊት፣ በባዶ መንገድ፣ ማን ያረጋግጥ?

ይህ ጥያቄ ለአያቶቻችን ብዙም አያስቸግርም ነበር። ጥፋተኛው ያልታወቀ በደል ሲፈጸም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራል። አገሬው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው አይበተንም። በደለኛው ካልታወቀ አገሬው በጋራ ካሳ የሚከፍልበት ጊዜም ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት ነበረበት፣ ያለጥፋቱ የሚንገላታውም ጥቂት አልነበረም። መነሻው ግን ግልጽ ነው፤ ሰው በሚተዋወቅበት አገር አንድ ያየ ዓይን አይጠፋም።

ይህን ያፈረሰው ሞተር ነው። መኪና በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዐፄ ምኒልክ መጣ፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የጭነት መኪና ዘመን በሰፊው የተከፈተው ግን ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በዘረጋቸው መንገዶች ነው። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዱ ይበልጥ ሰፋ፤ የአሰብ መስመርም የሹፌሮች ትልቁ ትምህርት ቤት ሆነ። ኤንትሬ የምንላትን ፊያት የነዳ አባት ያላችሁ ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ በሚያልፍበት አገር ሁሉ እንግዳ ነው። አደጋ ሲደርስ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው የራሱን ሰው እንጂ ባለመኪናውን አይደለም።

ያን ጊዜ የሹፌሩ ካሜራ ረዳቱ ነበር። ታኮ ያስገባል፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ የኋላውን ያያል። ከተሳቢ ጋር የሚሄድ መኪና ደግሞ ጅራቱ ሩቅ ነው፤ በመስታወት ብቻ አይደረስበትም። አደጋ ሲመጣ ግን የረዳት ምስክርነት ብዙ አይታመንም፤ እንጀራው ከሹፌሩ ጋር ነዋ። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ሜትር ዘርግቶ ፕላን ያነሳል፣ የጎማ ምልክት ይለካል። ፕላን መኪኖቹ የት እንደቆሙ ያሳያል። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ሰከንዶች ማን ምን እንዳደረገ ግን ፕላን ብቻውን ሁልጊዜ አይነግርም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፤ አብዛኛው ነዋሪ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ከባድ መኪና በቀን እንደልቡ ስለማይገባ አሸዋውም ሲሚንቶውም በሌሊት ይመጣል። ጎረቤት ከጎረቤት ገና ባልተዋወቀበት ቦታ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማን አውጫጭኝ ይቀመጣል?

ምስክር ሲጠፋ ክፍተቱን ስም ይሞላዋል። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን የለ? ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፣ ብዙ ሰው አልቋል። ግን ስሙ ከተሰጠ በኋላ ሹፌሩ ገና ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ይህ በሰማይም ደርሶብናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የወደቀውን ኢቲ 302 አስታውሱ። 157 ሰው አለቀ። አፈሩ ሳይደርቅ በውጭ አገር «የአብራሪዎቹ ችሎታ» የሚል ወሬ ተጀመረ። ከዚያ የበረራ መቅጃዎቹ ፈረንሳይ ተወስደው ተነበቡ። መጋቢት 26 ቀን የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደፈጸሙና አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናገረ። ሁለት ሟቾች አፍ አውጥተው መመስከር አይችሉም፤ መቅጃው መሰከረላቸው።

መሣሪያውን ያሰበው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን ነው፤ አባቱ እ.ኤ.አ. በ1934 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶበታል። ሐሳቡን ሲያቀርብ ብዙ አብራሪዎች «ሰላይ ልትሰቅልብን ነው» ብለው ተቃወሙ። ዛሬ ደቡብ ኮሪያውያን በመኪና ፊት የሚገጠመውን ካሜራ ራሱን «ብላክ ቦክስ» ይሉታል። ሩሲያም በእነዚሁ ካሜራዎች ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳውን የሰማይ ድንጋይ ዓለም ያየው በአብዛኛው በእነሱ ዓይን ነው።

የእኛ ሹፌሮችም የሚፈሩት ነገር አለ። ጂፒኤሱ ፍጥነቴን ለባለንብረቱ ይናገራል፣ ካሜራው ደግሞ ፊቴን ሊያሳይ ነው ይላሉ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው ምስል እንደፈለጉ የሚሰበሰብና የሚበተን ዕቃ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። የአደጋ ቪዲዮ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ነው፤ የወደቀን ሰው ለቲክቶክ ማቅረብ ምስክርነት አይደለም።

ካሜራ ለምትገጥሙ ሦስት ነገር ልበል። የምትጎትቱ ከሆነ የፊቱ ብቻ አይበቃም፤ ጣጣው ያለው ከኋላ ነው። ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ፤ በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ሌሊቱን ቀን አድርጎ ክርክር ያስነሳል። ሦስተኛው፣ ካርዱ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል፤ ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ይደነግጋል፤ የተነካካ ቪዲዮ ግን ማን ያምናል?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። እንዲህ አልኩት፦ «የአውሮፕላኑ መቅጃ የታመነው አብራሪው የሚጎዳውን ቆርጦ ማውጣት ስለማይችል ነው። አንተ ዛሬ ይህን ካጠፋህ፣ ነገ ንጹሕ ሆነህ የምታመጣውን ቪዲዮ እኔ ራሴ አላምንህም።»

ዝም ብሎ ሻዩን ጨረሰና ሄደ። ማታ ደወለልኝ። የግቢውን ጥበቃ ጠይቆ ባለመኪናዋን አግኝቷቸዋል፤ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። በሩን ሊያሠራላቸው ተስማምተዋል። «ማንም ሳያይህ ነው የመጣኸው?» ብለው ጠየቁት አሉ።

«ካሜራው አይቶኛል፣ እማማ» አላቸው።

ሹፌር የሆናችሁ፣ ሹፌር አባት ያላችሁ፣ ምስክር አጥታችሁ ግማሹን የከፈላችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። በሰላም ግቡ።